ከዕጣ የቀረች ብረት

«ጸሐፊው ማለት እርስዎ ነዎት?»

በስልክ ነው። የሴት ድምፅ ነው፤ አላወቅሁትም። ጸሐፊ ብሎ የሚጠራኝ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! የገበሬ ማኅበሩ ፈርሷል፣ ማኅተሙም የት እንደገባ አይታወቅ፤ እኔም መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ መነጽሬን የምፈልግ ሽማግሌ ሆኛለሁ። «ነበርኩ» አልኳት።

«ዘውዲቱ እባላለሁ። የንጉሤ ልጅ ነኝ፣ የቀጥቃጩ። ከወለጋ ነው የምደውለው።» ቀጥላም፣ «አባዬ ዐረፈ» አለች።

ነፍስ ይማር ማለት ለኔ ቢጤ ሽማግሌ እንደ ደህና ዋሉ ነው፤ በቀን ሦስቴ እንለዋለን። ያን ዕለት ግን ሁለት ጊዜ ደገምኩት። እሷው ቀጠለች። «ለእርስዎ የላከው መልእክት አለ። በስልክ አይሆንም። አርባውን እናውጣና እመጣለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ ተነስቼ ሳጥኔን ከፈትኩ። ከድሮ ደብተሮች ሥር በጨርቅ የተጠቀለለች የአውራ ጣት የምታህል ብረት አለች። የአያ ንጉሤ ናት። ሰርቄ ነው የያዝኳት። ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም፤ ሚስቴም አታውቅም። ልጅቷ ስትመጣ ወይ አውጥቼ ፊቷ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ወይ እንደለመድኩት አፌን እዘጋለሁ። ሌላ መንገድ አልነበረኝም። አርባ ቀን ሙሉ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ።

አያ ንጉሤ አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ቅንድብ የሚባል ነገር የሌላቸው ሰው ነበሩ። ቅንድባቸውን እሳቱ ጨርሶታል። በዚህ የተነሳ ሁልጊዜ አንድ ጉድ እንደሰማ ሰው ነበር የሚመስሉት። ቤታቸው ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ካለችው ሰፈራችን ወረድ ብሎ፣ ወንዙ አጠገብ ለብቻው ነው። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የወናፋቸው ድምፅ ይሰማል። ከብረት ጋር ያወሩ ነበር፤ «ነይ እስቲ እመቤቴ፣ አትኩሪብኝ» ይሏታል ማረሻዋን። ሌላው ቀጥቃጭ ብረቱ እንደጋለ ሥራውን አይቶ ይረካል። እሳቸው ግን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ አውጥተው፣ በጣታቸው አንኳኩተው፣ ጆሯቸው ላይ አድርገው ካልሰሙ አይሰጡም። «የጋለ ብረትማ ሁሉም ያምራል፤ ሲቀዘቅዝ ነው የሚታየው» የሚሉት ነገር ነበራቸው።

አሁን ስጽፍ «እሳቸው» እያልኩ ነው። «አያ» እያልኩ ነው። ያኔ እንዲህ አልነበረም። ያኔ ጡት ያልተወ ልጅ እንኳ «አንተ ንጉሤ» ነበር የሚላቸው፤ እሳቸው ደግሞ ገና ጢም ያላወጣሁትን እኔን «አንቱ» ይሉኝ ነበር። ቀጥቃጭ ነበሩዋ! ቀጥቃጭ በእኛ አገር ቡዳ ነው ይባላል፤ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ጅብ ይሆናል ይባላል። የምናርስበትን ማረሻ፣ የምናጭድበትን ማጭድ፣ የደብራችንን በር ማጠፊያ ሳይቀር የሠሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ በር ግን ማንም ከሳቸው ጋር ትከሻ ለትከሻ አይገባም።

ቀጥቃጭ የጠጣበት ቅል ይሰበራል። ደንቡ ነው። ጠላ ቀድተው ይሰጧቸዋል፣ አመስግነው ሲወጡ ቅሉ ከደጅ ድንጋይ ላይ ጧ! ይላል። ሰምተውት ይሄዳሉ። በመጨረሻ አንዲት የቀንድ ዋንጫ አበጅተው በስልቻቸው ይዘው መዞር ጀመሩ። የሚቀዳላቸው ሲመጣ እሷን ያወጣሉ። «የሰው ቅል ሳስሰብር ከምኖር የራሴን ብይዝ አይሻልም?» ብለው ይስቃሉ። እኛም አብረን እንስቃለን። ምን እንደሚያስቀን እንጃ።

ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ። ዝናብ ቀረ፣ በሬው አለቀ፣ ጎተራው ተጠረገ። ሰው ግማሹ ወደ ደሴ፣ ግማሹ አባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ተሰደደ። የማይሸጥ ነገር ሲሸጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ነጋዴው ገበያ ዳር ቆሞ የቤት በር ይገዛል፣ ማረሻ ይገዛል። ገበሬ ማረሻውን ሸጠ ማለት እንግዲህ ከተስፋ ተፋታ ማለት ነው።

አባቴ ኩሩ ሰው ነበር። ነጋዴ ፊት ከሚቆም ብሎ ማረሻውንና የታላቅ ወንድሜን የአየለን ማረሻ ይዞ ወደ አያ ንጉሤ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። «ንጉሤ፣ እነዚህን ውሰድና እፍኝ እህል ስጠኝ» አላቸው።

«እህል እንኳ ብዙ የለኝም ጌታዬ» አሉት። «ብረቱን ግን አልገዛዎትም። ብረት አይበላም። እዚህ ግድግዳዬ ላይ ይሰቀል፤ ዝናብ ሲጥል መጥተው ይወስዳሉ።» ገብተው የተቆላ ባቄላ በሰፌድ ይዘው ወጡ፤ ከነበረቻቸው ላይ ግማሹን ማለት ነው። አባቴ በጋቢው ጫፍ ተቀበለ። የቀጥቃጭ ቤት እህል ሲበላ ያን ቀን አየሁት። ረሀብ ሲመጣ ቡዳውም ሰው ይሆናል ለካ!

ወሬው ተሰማ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማረሻውን እሳቸው ዘንድ እያኖረ ተሰደደ። መጻፍ አይችሉም፤ ግን የማን የቱ እንደሆነ አንድም አልተሳሳቱም። «የሠራሁትን እኔ አላውቀውም?» ይላሉ። ዝናብ ጥሎ ሰው ሲመለስ በየተራ አወረዱለት። ያልተመለሰ ሰው ማረሻ ግን እዚያው ቀረ። ወንድሜ አየለ አባይን ተሻግሮ እንደሄደ ቀረ፤ የሱም ማረሻ ተሰቅላ ቀረች። አያ ንጉሤ ዝገቷን እየጠረጉ ሞራ ይቀቧት ነበር። ሙት ነው፣ ይቅርብዎ ሲሏቸው፣ «ባለቤቱ ቢመጣስ?» ይላሉ።

ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ ወረዱ። ዘማች ተማሪ መጣ፤ ፀጉሩ ያደገ፣ ሱሪው ታች የሰፋ፣ ልቡ ግን ንጹሕ ልጅ። የመሬት አዋጁን ይዞ ነበር። እኔ ዳዊት ደግሜአለሁ፣ መካነ ሰላምም ጥቂት ክፍል ተምሬአለሁና የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ አድርጎ ሕዝቡ መረጠኝ። ሾላው ሥር ቆሜ አዋጁን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ጌታና ጭሰኛ የለም፤ መሬት ለሁሉ ይደርሳል፤ በሙያው የሚናቅ፣ በዘሩ የሚገፋ የለም አልኩ። ዘማቹ እየጨመረልኝ እኔ እያስተጋባሁ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ውሸቴን አልነበረም። እንባ ሁሉ መጥቶብኝ ነበር። አሮጊቶች እልል አሉ።

ከሕዝቡ አንዱ ቀልደኛ፣ «ንጉሡ ወረደ፣ ንጉሤ ወጣ!» ብሎ አያ ንጉሤ ወደተቀመጡበት ጣቱን ቀሰረ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ከዳር ድንጋይ ላይ ናቸው፤ እንደሁልጊዜው። አብረው ሳቁና፣ «ይቀዝቅዝና እናየዋለን» አሉ።

ዘማቹ የዋንጫውን ነገር ሲሰማ አበደ። «ይሄ አድኃሪ ልማድ ዛሬ ይቀበራል!» አለ። ጠላ አስመጣ፤ የኮሚቴው አባላት በሙሉ በአያ ንጉሤ ዋንጫ ተራ በተራ እንድንጠጣ አዘዘ። ሊቀመንበሩ እንደ ኮሶ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ። አባቴ በስመ አብ ብሎ ተጎነጨ። እኔ ጋ ደረሰ። ከንፈሬን አስነካሁ፤ አንዲት ጠብታ አልዋጥኩም። አፌን በነጠላዬ ጠረግሁና እጄን ወደ ላይ አንስቼ፣ «ሰው ሁሉ እኩል ነው!» ብዬ ጮህኩ። ተጨበጨበልኝ።

አያ ንጉሤ ዋንጫቸውን ሲቀበሉ ወደ ውስጥ አዩ። «ጸሐፊ፣ ተረፈብዎት» ብለው የቀረውን ራሳቸው ጨለጡት። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም። አሁንም ድረስ ጠላ በቀመስኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

መሬት ሊከፋፈል ነው ተባለ። ለአያ ንጉሤ ይድረሳቸው አይድረሳቸው ክርክር ተነሳ። «መሬት ላራሹ ነው የተባለው፤ ቀጥቃጭ መች አረሰ?» አሉ ሽማግሎቹ። አያ ንጉሤ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ፤ ሸንጎ ላይ ሲናገሩ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። «ማረሻውንስ ማን ሠራው?» አሉና ተቀመጡ። ዘማቹ አጨበጨበ። ለንጉሤም እንደማንኛውም ሰው እኩል ይደርሳል፣ አለቀ፣ አለ። እኔም መዝገቡ ላይ ስማቸውን ጻፍኩ።

በክፍፍሉ ዋዜማ አባቴ ጠራኝ። ከቤት ጓሮ ነበርን፤ ዱባ እየኮተኮተ ነው። ቀና ሳይል፣ «አየለን መዝገብ ላይ አስገባኸው?» አለኝ።

«አባባ፣ የሌለ ሰው አይመዘገብም።»

«ይመጣል። መጥቶ መሬቴስ ቢለኝ ምን ልለው ነው? ለቀጥቃጭ ሰጠሁብህ ልበለው?»

«አዋጁ እኮ...»

«አዋጁን የሚያነበው አንተ አይደለህ?» አለ። ከኪሱ የአየለን የጅራፍ ጫፍ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ «ንጉሤ እንደሁ መዶሻው አለለት። ልጄ ግን ምን አለው?»

ምን ላድርግ! አየለ በጀርባው አዝሎ ያሳደገኝ ወንድሜ ነው። ሞቷል ብሎ አፍ አውጥቶ የተናገረ ሰው በቤታችን አልነበረም። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም። የሆነው ይህ ስለሆነ ነው።

ዕጣ በኛ አገር እንዲህ ነው የሚጣለው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት ያመጣል፤ አንዱ የእንጨት ቁራጭ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የበግ ቀንድ ስባሪ። ምልክቱ ሁሉ ባርኔጣ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ዓይነ ስውር ሰው ይፈለጋል፤ የማን ምልክት የቱ እንደሆነ እንዳያይ። እሱ እየተመራ ማሳ ለማሳ ይዞራል፣ ባርኔጣው ውስጥ እጁን ከትቶ አንድ ያወጣና መሬቱ ላይ ያኖራል። ምልክቱ ያረፈበት መሬት የባለምልክቱ ነው፣ በቃ። በዚህ የሚከራከር የለም፤ የእግዜር እጅ ነው ይባላል።

ባርኔጣውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

አያ ንጉሤ ያን ጠዋት ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው መጡ። ሌላው ሰው ምልክቱን ከመንገድ ነው ያነሳው። እሳቸው ግን ለዚያች ቀን ብለው አንዲት ትንሽ ማረሻ ቀጥቅጠው ነበር፤ የአውራ ጣት የምታህል፣ ጫፏ የሾለ፣ ልክ እንደ ትልቁ ማረሻ። በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «ጸሐፊ፣ አደራዎን» አሉኝ።

እጄን ባርኔጣው ውስጥ አስገባሁ። የአየለን ጅራፍ ጫፍ ጣልኩ፣ ብረቷን በጣቶቼ መሃል ደብቄ አወጣሁ። ቁጥሩ ልክ ነው። አንድ ጎደለ፣ አንድ ተተካ። ለዘላለም የሚበቃኝን ሥራ በአንዲት ትንፋሽ ሠራሁ።

ዓይነ ስውሩ መነኩሴ ማሳ ለማሳ ዞሩ። ሰው መሬቱን እየሳመ፣ እየዘለለ፣ ድንበሩ ላይ ድንጋይ እየተከለ ነው። ወንዙ ዳር ያለችው ደልዳላ መሬት ላይ የጅራፏ ጫፍ ወጣች። «የልጄ የአየለ ናት!» አለ አባቴ። ሁሉም ደርሶት ሲያበቃ አያ ንጉሤ ባዶ እጃቸውን ቆመው ቀሩ።

ዘማቹ መዝገቡን ከእጄ ነጠቀ። «ጓድ ንጉሤ እዚህ ተጽፏል። አየለ የሚባል ግን የለም። አሻጥር ተሠርቷል! ማነው?» አለ። አሻጥር የተባለ ሰው የሚወሰደው መካነ ሰላም እስር ቤት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ብረቷ መዳፌን ወግታኝ ደም ይሰማኛል። አያ ንጉሤ ኪሴን አዩ። ቀጥሎ አባቴን አዩ፤ አባቴ ያችን የጅራፍ ጫፍ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟታል።

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ ጓድ» አሉ። «ምልክቴን ሳላስገባ ቀረሁ። ለአየለም ይሁን ብዬ ተስማምቼ ነበር።»

«ነገ እንደገና ይጣላል!» አለ ዘማቹ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። መሬቱን ስሞ የተቀበለ ሰው ነው፤ ዱላውን የጨበጠም ነበር። አያ ንጉሤ እጃቸውን ዘረጉ። «አይሆንም፣ ልጄ። በኔ ሳቢያ ሰው ይማታ? ይቅር። በሚቀጥለው ይደርሰኛል።»

ሰው ሲበተን በአጠገቤ አለፉ። ቆም አሉና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የወንድምህን ማረሻ መጥተህ ውሰዳት፤ መሬቱ ጦሙን አይደር» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ያሉኝ ያን ቀን ነው። ሄጄ ወሰድኳት። ሞራ ተቀብታ፣ እንደ አዲስ ስላ ነበር የጠበቀችኝ።

በሚቀጥለው ይደርሰኛል ያሉት አልደረሳቸውም። ዘማቹ ወደ አገሩ ተመለሰ። የመሬት ሽግሽግ በተባለ ቁጥር መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ስማቸውን የምዘለውም እኔ ነኝ። አንዴ የሰረቀ ሰው ስርቆቱን ለመሸፈን መስረቁን ይቀጥላል እንጂ ምን ያደርጋል? አየለ አልመጣም። አባቴም ሲጠብቀው ሞተ። መሬቷን እኔ አረስኳት። አንቀላፍቼ አላደርኩም ብል ውሸት ነው፤ አንቀላፍቻለሁ፣ ጤፍም አምርቻለሁ፣ ልጆችም አሳድጌበታለሁ። ስብሰባ በመጣ ቁጥርም ሰው ሁሉ እኩል ነው እያልኩ አነብ ነበር። አዋጁ ውሸት ነበር የሚሉ ሰዎችን እሰማለሁ። እኔ እንዲህ አልልም። አዋጁ እውነት ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ሰባ ሰባት መጣ። እንደገና ረሀብ። ቀጥቃጭ የሚኖረው ገበሬው ከአውድማ በሚሰፍርለት እህል ነው፤ አውድማው ባዶ ሲሆን መጀመሪያ የሚራበው እሱ ነው። የራሱ ማሳ ቢኖረው ጎመን እንኳ አይነቅልበትም ነበር? ወደ ወለጋ ሰፈራ የሚባል ነገር መጣ፤ ስም ዝርዝር አቅርቡ ተባልን። መሬት የሌለው ይቅደም ተባለ። መሬት የሌለው ማነው? ብዕሩን ያዝኩና ጻፍኩ፤ ንጉሤ፣ ቀጥቃጭ፣ ከሚስትና ከሦስት ልጆች ጋር፣ መሬት የለውም። ፊደሌ ያምር ነበር። መዝገቡን ያየ ሁሉ ያደንቀው ነበር።

የቀሩትን የሰው ማረሻዎች ለደብሩ ዕቃ ቤት አስረክበው ሄዱ። ለእኔ አልሰጡኝም። ለምን ይሰጡኛል?

መካነ ሰላም ድረስ ሸኘኋቸው። ብረቷ ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ ልሰጣቸው ነበር፤ እግዜር ያውቃል። መኪናው ላይ ወጥተው ከልጆቻቸው ጋር ተጠጋግተው ተቀመጡ። አንዲት ሴት ውኃ ስታድል ስልቻቸውን ፈትተው ዋንጫቸውን አወጡ። ጠጥተው ሲያበቁ ወደ ታች አይተው፣ «ጸሐፊ፣ አብሽር» አሉኝ። ጉድ እኮ ነው! የሚሄዱት እሳቸው፣ አብሽር የሚባለው እኔ። መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ እጄ ከኪሴ ሳይወጣ ቀረ።

ዘውዲቱ እንዳለችው አርባው ወጥቶ መጣች። አርባ ዓመት የሞላት፣ ትከሻዋ የአባቷ፣ ቅንድብ ግን ያላት ሴት ናት። ሚስቴ ደስ ብሏት ተቀበለቻት፤ እንጀራ ቀረበ፣ ጠላ መጣ። ዓይኔ እያየ ሚስቴ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ብርጭቆዎች አለፈችና ከታች ያለውን ጆሮ የሌለው ኩባያ አነሳች። ክፉ ሴት ሆና አይደለም። እጇ ነው፤ እጅ የለመደውን አይረሳም።

ዘውዲቱም አይታታለች። ቦርሳዋን ከፈተችና የቀንድ ዋንጫ አወጣች። ያችኑ ዋንጫ። «ይዣለሁ እማማ፣ አይቸገሩ» አለች ሳቅ ብላ። «ወደ አገራችን ከሄድሽ ዋንጫሽን ያዥ ብሎኝ ነበር አባዬ።»

ሚስቴ መሬት መሬት አየች። እኔ ተነሳሁ። ዋንጫዋን ተቀብዬ ራሴ ቀዳሁ፤ እንደ ወጉ ቀመስኩላት፤ ቀምሼም አላበቃሁ፣ እስከ ግማሽ ዋጥኩት። ከዚያ ሞልቼ ሰጠኋት። ያን ያህል ዓመት ዘግይቶ የተዋጠ ጠላ ምን ዋጋ አለው? ቢሆንም ዋጥኩት።

«መልእክትሽን ከመንገርሽ በፊት እኔ ልናገር» አልኳት። ሚስቴ ፊት ሁሉንም ነገርኳት። ባርኔጣውን፣ ጅራፉን፣ ወንዝ ዳሯን መሬት፣ የሰፈራውን ዝርዝር። ሚስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እናውቃለን» አለች ዘውዲቱ።

«ምን?»

«አባዬ ዕጣዬን ጸሐፊው ዘንድ በአደራ ትቻለሁ ይል ነበር። ልጆች ሳለን እርስዎን ማረሻችንን ግድግዳዎ ላይ ሰቅለው የሚጠብቁልን ደግ ሰው ያደርግዎት ነበር። ሳድግ ነው የገባኝ።» ዋንጫዋን አስቀመጠች። «እናቴ እዚያ በገባን በዓመቱ በወባ ሞተች። ነገሩ የገባኝ ጊዜ በሷ ሞት ተናድጄ ለምን ያኔ አልተናገርክም ብዬዋለሁ። ብናገር እሱ ይታሰራል፣ እኔ መሬት አገኛለሁ፤ ጎረቤት ግን አላገኝም አለኝ። ዘማቹ ያመጣው እኩልነት ዘማቹ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል፤ ሰዎቹ ራሳቸው ቀዝቅዘው ሲያስቡበት ይመልሱልኛል ብዬ ጠበቅሁ አለኝ።»

ቀዝቅዘን እስክናስብ ጠበቁን። እኛ እኮ ቀዘቀዝን። ያሰበ ነው የጠፋው።

የመሬት ደብተሬን አወጣሁ። «ነገ ቀበሌ ሄደን በስምሽ እናዙረው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ «ማን ሊያርሰው? ልጆቼ እዚያ ናቸው፣ የእናቴም የአባዬም መቃብር እዚያ ነው። ባየው ግን ደስ ይለኛል።»

ወደ ወንዙ ወረድን። ጤፉ ሊደርስ ነው፤ ነፋስ ሲነካው ያንቀላፋ ይመስላል። የአያ ንጉሤ ቤት የነበረበት ቦታ ጥቂት ጥቁር አፈርና በእሳት የጠቆረ ድንጋይ ብቻ ቀርቷል። ዘውዲቱ ድንበሩ ላይ ቆመች። «ግቢ እንጂ» አልኳት። «አይ፣ ከዚህ ይታያል» አለች። «ደህና ያፈራል?»

«ደህና ያፈራል።»

«እሰይ» አለች። የምሯን ነው፤ ያ ነው የገደለኝ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ጨርቁን ፈትቼ ብረቷን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት፤ አባቷ በሁለት እጃቸው እንደሰጡኝ። አየቻት እንጂ አልነካቻትም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«መልእክቱ ይኸው ነው» አለች። «ሂጂና ብረቷ አለች ወይ ብለሽ ጠይቂው፤ ከጣላት ሰላም ብለሽው ነይ፤ ካለች ግን እሱ ዘንድ ትቀመጥ ነው ያለኝ። እንዳትቀበይው ብሎኛል።»

«እስከ መቼ?» አልኳት እንደ ሕፃን።

«እሱን አልነገረኝም» አለች።

በማግስቱ ሸኘኋት። ብረቷ እኔ ዘንድ ናት። ሳጥን ውስጥ አልመለስኳትም፤ ግድግዳ ላይ፣ የገባ ሁሉ በሚያያት ቦታ ሰቅያታለሁ። ምንድን ናት ለሚለኝ ሁሉ እናገራለሁ፤ አንዳንዱ ይሳቀቃል፣ አንዳንዱ የድሮ ነገር ምን ያደርግልሃል ይለኛል። በየሳምንቱ አውርጄ ዝገቷን እጠርግና ሞራ እቀባታለሁ። አያ ንጉሤ እንዲህ ሲያደርጉ ባለቤቱ ቢመጣስ ይሉ ነበር። የኔዋ ብረት ባለቤት ግን አይመጣም።